ግራ ያጣው ዜማ

መጋቢት ፪ ቀን
ከኪዳን ስመለስ ልጄ ፀደንያ ጠበቀችኝ። የአውሮፓ አገሮች እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ በጋራ የሚያዘጋጁት የባህል ሳምንት ላይ ትሠራለች። «አውሮፓ አንድ ነውን?» ብለው ሊወያዩ ነው፤ ግሪኩም፣ ፖላንዳዊውም፣ ጀርመኑም። ብዙ ቋንቋ ያለው ሕዝብ በአንድ ዜማ እንዴት እንደሚጸልይ የሚያሳይ እንግዳ ሽተዋል።
«አባዬ፣ ኮንፈርም አድርጌላቸዋለሁ።»
ሳትጠይቀኝ?

መጋቢት ፬ ቀን
ከበሮ ይምጣ ይላሉ። «ከለር ፈልገው ነው፣ አባዬ።» በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ መቋሚያ ብቻ። እሺ አሉ።
ጭንቀቴ ሌላ ነው። በዜማችን እኔ በቀኝ ቆሜ ስመራ በግራ የቆመው ይቀበላል። ለዘመናት በግራዬ የቆሙት መሪጌታ ኪሮስ ነበሩ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ በወገኖቻቸው ላይ የተነገረውን ክፉ ቃል ሰምተው ጥለውን ወጡ። ዛሬ በከተማው ዳር፣ ዳንደኖንግ በሚባል ሰፈር፣ በቤታቸው ብቻቸውን ይጸልያሉ... አንድ ነን ብዬ በማን ፊት ልቁም?

መጋቢት ፯ ቀን
ደወልሁላቸው።
«ግራዬን ይያዙልኝ፣ መሪጌታ።»
«ለፈረንጅ አንድ መስለን ልንታይ?»


መጋቢት ፱ ቀን
ልቅር ይሆን?

መጋቢት ፲፩ ቀን
ሄድሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ፀደንያ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ግሪኩ ለጀርመኑ፦ «ገንዘባችን አንድ ነው፤ ሐዘናችን ግን የየቤታችን ነው» አለው። ሰዉ ሳቀ። እኔን ወጋኝ።
ቀኙን መራሁ... ማን ይቀበል? በመቋሚያዬ ተደግፌ ወደ ግራ ተሻገርሁ፤ በኪሮስ ስፍራ ቆሜ ለራሴ መለስሁ። ደግሞ ወደ ቀኝ። 
አዘጋጇ ለምን እንደምመላለስ አስጠየቀችኝ።
«በዚያ በኩል የሚቆሙት ወንድሜ አዝነውብናል» አልሁ።
ፀደንያ ለመተርጐም ዘገየች።

መጋቢት ፲፪ ቀን
ኪሮስ ደወሉ። ፀደንያ ቪዲዮውን ልካላቸዋለች።
«ግራውን አበላሹት እኮ።»
«የት ላይ?»
«ሁሉም ላይ። ይፈጥናሉ። ማን ያሳድድዎታል?»
 ከዚያ ቀስ ብለው፦ «ያ በቅጽሩ የተነገረው ስሕተት ነበር ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።»
«ነገ በጉባኤው ፊት እላለሁ።»
«ይጠሉዎታል።»
ያንኑ ፈርቼ አመሸሁ።

መጋቢት ፲፫ ቀን፣ እሑድ
ከዜማው በፊት፣ በኪሮስ ወገኖች ላይ የተነገረው ስሕተት ነበር ብዬ ተናገርሁ። ያጉረመረሙ አሉ። ሁለት ሰዎች ወጡ። እነርሱም ወንድሞቼ ናቸው... ነገ ደግሞ ማንን ተመለሱ ብዬ እለምን ይሆን?
ኪሮስ ከበሩ አጠገብ ቆመው ኖሯል። መቋሚያቸውን ይዘው አለፉ፤ ግራዬ ቆሙ። ቀኙን መራሁ። ተቀበሉኝ። በመካከል ጠጋ ብለው፦
«አሁንም ይፈጥናሉ።»
ዘገየሁላቸው።