የሙሽራ ቀሚሴ ላይ የሰፈረው የእሳት እራት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሮሴንዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የሆንግ ኮንጓ እመቤትሽ እሁድ እሁድ ታሳርፍሻለች ወይ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ ሩዙም ተተክሏል። እኔም ተዳርኩልሽ።

የላክሽልኝ ነጭ ቀሚስ ምን እንደደረሰበት ልንገርሽ፤ ስጽፈው እንኳ ይሰቀጥጠኛል። በሠርጉ ዋዜማ መስኮቱ አጠገብ ሰቅዬው ገበያ ደርሼ ስመለስ አንድ የእሳት እራት ተለጥፎበታል። መብራት ላይ የሚዞረውን ትንሹን እንዳይመስልሽ፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት መዳፍ አይሸፍነውም። መልኩ የዛገ ቆርቆሮ፣ የክንፉ ጫፍ ቁርጥ የእባብ ራስ ነው። ሆዱ እንደ አውራ ጣት ወፍሮ፣ ጠጉር ለብሶ ይንቀጠቀጣል። መጥረጊያ አነሳሁ።

የሲሪሎ እናት፣ አማቴ ፓሲታ፣ እጄን ያዙኝ። ባላቸውን ኩላስን ባሕር ከወሰደባቸው ወዲህ ፈገግ ብለው አያውቁም። «ኩላስ ነው፤ የእሳት እራት ሆኖ የልጁን ሠርግ ሊያይ መጣ። በገዛ ፈቃዱ እስኪሄድ ማንም እንዳይነካው» አሉና ተንበርክከው አለቀሱ። ሲሪሎም መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደ። እኔስ ነገ ምን ለብሼ ልዳር? ለሟች ብዬ ንዴቴን ዋጥ አደረግሁት፤ ያን ሆድ እንዳላይ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ።

ጠዋት ቀሚሱ ወገብ ላይ ቀላ ያለ እንቁላል እንደ ምስር ተጣብቆ አገኘነው። አጎታችን ኢስቴባን ጠጋ ብለው አዩና፣ «ፓሲታ፣ ኩላስን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንቁላል ሲጥል ግን አይቼው አላውቅም» አሉ።

ሠርጌ በጠብ አለቀ ስል አማቴ ከት ብለው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እንቁላሉን በጥፍራቸው እየፈቀፈቁ ሙዝ ቅጠል ላይ ሰበሰቡት፤ እራቷንም በባዶ እጃቸው አንስተው ከእንቁላሉ ጋር ደጅ ያለው ጊሽጣ ዛፍ ላይ አኖሯት። ቀሚሱን አጥቤ እርጥቡን ለበስኩት። ቄሱ ፊት ቃል ስገባ የቀረ አንድ እንቁላል ጎኔን ይቆረቁረኝ ነበር፤ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ደስታ መሰለው።

አሁን እንቁላሉ ተፈልፍሎ ዛፉ ትል በትል ሆኗል፤ ጣት የሚያህል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል አረንጓዴ ትል። አማቴ ጠዋት ጠዋት «ነይ ልጄ፣ የኩላስን ልጆች እዪ» እያሉ ይስቃሉ፤ ባልወድም እሄዳለሁ። ትናንት አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሳቃቸው እንዳይቋረጥ ብዬ አልጣልኩትም። እጄ ግን ታጥቤም ታጥቤም አልጠራልኝ ብሏል።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። አጎታችን የወገብሽን መድኃኒት መውሰድ አትርሺ ይሉሻል። ሲሪሎ በአክብሮት፣ አማቴም በሳቅ ሰላም ብለውሻል።

እህትሽ ፊሎሜና
ሎቦክ፣ ቦሆል ደሴት
ጁላይ 19 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.