አምስተኛ ፎቅ ላይ የሰማሁት ድምፅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ሚጣስ እንዴት ናት? ጥርሷ ሁሉ ወጣላት? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ። የቀዳሁት ሻይ ሳልጠጣው ይበርዳል፤ ዛሬ ጠዋት አንዱን ጫማዬን አስሬ ሌላውን ሳላስር ሥራ ገባሁ።

ከመነሻው ልንገርሽ። ሰባት ሳምንት ይሆናል፣ የእጄ መንቀጥቀጥ ብሶ ካቻቢቴ መያዝ ሲያቅተኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ መጠጤን ሳልነግራት አወቀችው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚሰበሰብ ቡድን ላከችኝ። እዚያ ሰው ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ መተንፈስ ይማራል። አትሳቂ! በስልሳ ዓመቴ መተንፈስ ልማር ሄድኩ፤ እስከዛሬ ምን ስሠራ እንደኖርኩ እኔም አላውቅም። በአፍንጫ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ በአፍ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። ዓይናችንን በፎጣ እንሸፍናለን። መጨረሻ ላይ የፈለገ ሰው እንደተጋደመ የልቡን ይናገራል፤ ማን እንደተናገረ ገልጦ ማየት ክልክል ነው። አሰልጣኟ ያንቺ እኩያ ናት። "አባባ፣ ትከሻዎን ይልቀቁት" ትለኛለች። ትከሻዬ ግን ከአደጋው ወዲህ እሺ አይልም።

አደጋውን ታውቂዋለሽ። ቀጭኑ የምንለው፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ ሊፍት የጠገነው ጓደኛዬ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከሊፍቱ ጣሪያ ተንሸራቶ ወድቆ ሲሞት ባትሪ ይዤ የማበራለት እኔ ነበርኩ። የማታውቂው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። የሊፍት በር ሲከፈት ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ሊፍት ጠጋኝ ሊፍት ፈራ ተብሎ እንዳይሳቅብኝ ወርክሾፕ ውስጥ ሞተር መፍታት መረጥኩ ብዬ አወራሁ። የቀረውን መጠጡ ሸፈነልኝ።

እናም አምስቱን ፎቅ በደረጃ ነው የምወጣው። እያለከለክሁ ስደርስ ሰው ሁሉ ተጋድሞ ዓይኑን በፎጣ ሸፍኗል። በሩ ጥግ ያለው ምንጣፍ የኔ ነው። ሲያልቅም ማንም ሳይነሳ ሹልክ ብዬ እወርዳለሁ። ለእናትሽ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ እላታለሁ። እሷም ማክሰኞ ማክሰኞ ስፌት ቤቷን ዘግታ እህቷ ዘንድ ስለምትሄድ፣ ግልግል ነው ብዬ ነበር።

ከትናንት ወዲያ፣ ማክሰኞ፣ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች። "የእንቅልፍ ኪኒን እወስዳለሁ፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ" አለች።  ሠላሳ አራት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው! እናትሽ ናት!

ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ስንተነፍስ ኖረናል፣ ልጄ። እሷ በሊፍት፣ እኔ በደረጃ።

"ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቡ ይጮኻል" አለች። "ጩኸቱን ላለመስማት በአንድ ጀመርኩ፤ አሁን ሦስት ደርሻለሁ። የልብስ ቁልፍ የማጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ እደብቀዋለሁ። እሱ እኔን ብርቱ ናት ይላል። ለልጄ፣ አባትሽ መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው ብዬ ጻፍኩላት። የልጅ ልጄን እንድትልክልኝ ብዬ ዋሸኋት። ሕፃን ቤታችን ከገባ ሁለታችንም የምንድን መስሎኝ ነው።"

አራትም ስድስትም ጠፋኝ። በቤቱ ያለው በሽተኛ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት! ልወጣ ተነስቼ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ብወጣ ግን እራት ላይ "እህትሽ ደህና ናት ወይ?" ብዬ ልጠይቃት ነው። አልቻልኩም። "የምጮኸው እኔ ነኝ" አልኩ በቆምኩበት። "ካቆምኩም ሁለት ዓመት ሳይሆን አርባ አንድ ቀኔ ነው።"

ፎጣውን ከፊቷ ገፍፋ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አንተ! ትርፍ ሰዓት አልነበርክም እንዴ?"

"አንቺስ እህትሽ ዘንድ አልነበርሽም?"

የተጋደመው ሁሉ ሳቁ አመለጠው። እኛ ግን አለቀስን፤ እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም።

ትናንት አብረን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን፤ ለካ እናትሽንም ወደ ቡድኑ የላከቻት ያችው ሐኪም ናት። ኪኒን በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፣ እየቀነስሽ ነው የምትተዪው አለቻት። ዛሬ ከቁርስ በፊት ሳሎን መሬት ላይ ተጋድመን አብረን ተነፈስን። እናትሽ ስድስት ሳትደርስ ታጭበረብራለች። እኔ ቀጭኑን በስሙ ጠርቼ ያየሁትን ነገርኳት፤ በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ሚጣን ለሦስት ወር ልትልኪልን ትኬት ልትቆርጪ መሆንሽን አውቃለሁ። አትላኪያት። እኔ ዛሬ አርባ ሦስት ቀኔ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ቡድኑ ዘንድ የሄድኩት ጠጥቼ ነበር። እናትሽም ገና አንዱን ኪኒን መቀነሷ ነው። ትምህርትሽን ማጓተቱ ያንገበግበኛል። ሲሆንልሽ ራስሽ ይዘሻት ነይ፣ በዓይንሽ እዪን፣ ከዚያ ወስኚ። ለሚጣ ያዘጋጀናት ትንሿ አልጋ እስከዚያ ባዶዋን ትቆይ። ላኪያት ብዬ ብጽፍ ደስታዬ ነበር።

እናትሽ አጠገቤ ሆና ስታነብ "አትላኪያት" የሚለው ላይ ልትሰርዘው እስክሪብቶውን ቀማችኝ። ይዛው ቆየች ቆየችና መለሰችልኝ።

የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ፤ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። ሚጣን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

አባትሽ

ልጄ፣ አባትሽ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።
እናትሽ