እማማ ፏ ከጅረቷ ጋር የኖሩት ሕይወት

እማማ ፏ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም በላይኛው መንደር ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ እናታቸው ስለሞቱ ትምህርታቸውን ትተው ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው አሳደጉ። በ1966 ዓ.ም ለታችኛው መንደር አናጢ ተድረው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ልጆቻቸውን ያስተማሩት በሸለቆው በምትወርደው ጅረት የሆቴልና የክሊኒክ አንሶላ እያጠቡ ነው። እሳቸው ያጠቡት ሁሉ ፏ ስለሚል ስሙ በዚያው ወጣላቸው።

አዝለው ያሳደጉት ወንድማቸው ግን ሥጋ ሻጭ ሆኖ በ2008 ዓ.ም ቄራውን ጅረቷ አናት ላይ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ፈርስና ደም ከላይ ይለቀቃል፤ የታችኛው መንደር ያንኑ ይቀዳል። ታጥቦ በተሰጣ አንሶላ ላይ ፀጉርና ሞራ ይለጠፍ ጀመር። እማማ ፏ እጃቸውን በሳሙና ቢፈትጉ ቢፈትጉ ሽታው አልለቅ ስላላቸው፣ በገዛ እጃቸው መጉረስ ቀፏቸው በማንኪያ ይበሉ ነበር። ወንድማቸውን ደጋግመው ለመኑት። እሱ «ወራጅ ውኃ አይረክስም» እያለ ይስቅባቸዋል። የላይኛው መንደር ሰውም ጉንጩ በሥጋ ስለተወጠረ ትንፍሽ አላለም።

ወንድማቸው ልጁን በዳረ ዕለት እማማ ፏ በበራቸው ከምታልፈው ጅረት አንድ ጀሪካን ቀድተው ሄዱ። ሞራ የሚንሳፈፍበትን ግራጫ ውኃ በብርጭቆ እየቀዱ በክብር እንግዶቹ ፊት ደረደሩ፤ የመጀመሪያውን ለወንድማቸው ሰጡት።

«ጠጣ እንጂ፣ የእናቴ ልጅ።»

«እትዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

«የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት ይህንኑ ነው። ለእነሱ የሚበቃ ላንተ ምነው ጎመዘዘህ?»

አንዲት እንግዳ አፏን ይዛ ወጣች። የቀረውም ሰው ሳህኑን ገፋ።

በሳምንቱ ለይሉኝታ ያህል ቄራው ጓሮ የፈርስና የደም ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተቆፈረ። በመጀመሪያው ዝናብ ሞላ፤ ማንም አልጠረገውም፤ ግማቱ ተመልሶ ወደ ጅረቷ ወረደ። ወንድማቸው ከዚያ ቀን ወዲህ የእህቱን ደጅ አልረገጠም። እማማ ፏም ማጠቢያ ድንጋያቸውን ትተው፣ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባቸው ያመላልሱ ጀመር።

እማማ ፏ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ70 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል።

ከላይም ከታችም መጥታችሁ ላስተዛዘናችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ከቄራው ለለቀስተኛው የተላከውን ሥጋ ግን መልሰናል። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ከንጹሓን ጋር ያኑርልን።