ለሞራ ጓደኛ እንዲሆን ያመጣሁት ድንክ ፈረስ

ውድ ወንድሜ ኤባሪስቶ፣

ባዝራህ ሞራ ሞታለች። ሦስት ሳምንት ሆናት። አንተ በስልክ ስትጠይቀኝ «ደህና ናት፣ ትበላለች» እያልኩ ሁለት እሁድ ዋሸሁህ፤ በሦስተኛው ስልኩን አላነሳሁም። የምጽፍልህ ድምፅህን ሳልሰማ ነገሩን ልጨርሰው ብዬ ነው። ከሞቷ በፊትም የደበቅሁህ አለ፤ ከእሱ ልጀምር።

አባባ ጋሪ ያስጎትተው የነበረው ሽማግሌው ጉራቻ ፈረስ አምና መሞቱን ነግሬሃለሁ። ሞራ ከዚያ በኋላ የሆነችውን ግን አልነገርኩህም። ቀኑን ሙሉ አጥሩን ተከትላ ትመላለሳለች፤ ሣሩ አልቆ መሬቱ መንገድ እስኪመስል። እየቆመች ታሽካካለች፣ መልስ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ድርቆሹ እንዳስቀመጥኩት ይውላል። ጎድኗ አንድ በአንድ ይቆጠር ጀመር።

አሳዘነችኝ ብልህ ውሸት ነው። ሰለቸችኝ። እማማን ከቀበርን ገና አምስተኛ ወራችን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እሷን ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ ኖሬ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም የማይጠብቀኝ አንድ ጠዋት። አንተ ወደ ደቡብ፣ ኮሞዶሮ ወርደህ ነዳጅ ስታወጣ «ለጊዜው ያዥልኝ» ብለህ የተውካት ባዝራ ዘጠኝ ዓመት እጄ ላይ ቆየች። ስለዚህ ፈረስ የሚገዛውን ባለመኪና ጠራሁት። ያ መኪና ቄራ እንደሚሄድ አንተም እኔም እናውቃለን።

ሰውየው መጥቶ ጥርሷን አየ፣ ጎኗን ዳበሰ። በጣም ከስታለችና አንድ ወር ይቀልቧትና እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ ያኔ ያተረፋት የእኔ ርኅራኄ እንዳይመስልህ። ክሳቷ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟን ግራሲዬላንም የጠራኋት ለዚሁ ነበር፤ እንድታወፍርልኝ። ደሟን ወስዳ መረመረች፣ ምንም አላገኘችባትም። ብቻውን ያለ ፈረስ ዘብ ቆሞ የሚጠብቀው ስለሌለ ተኝቶ አያርፍም፣ ይህቺ ያለባት ብቸኝነት ነው አለችኝ። ብዙ የማይበላ ድንክ ፈረስ አምጪላት፣ ታንዲል አካባቢ የሚያረባ ሰው አለ ብላ አድራሻውን ጻፈችልኝ።

በጎረቤታችን በአንሴልሞ መኪና ሄድን። አርቢው የአጃ ባልዲ ሲያንቀጫቅጭ ድንኮቹ ሁሉ ወደ እሱ ሮጡ። አንዱ ግን ቆሞ ቀረ። ቡላ ነው፣ ቁመቱ ወገቤ ጋ አይደርስም፣ ጋማው ዓይኑን ሸፍኖታል። በጋማው ሥር ያየኛል። ለልጅ ልጅ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ ሰውየው። ለባዝራ ነው አልኩት። አልሳቀም። ይሄኛውን ልውሰድ አልኩ።

የሳቀው አንሴልሞ ነው። «እትዬ ኤልቪራ፣ ይሄን ቤት ድረስ ጋልበሽው ነው ወይስ አዝለሽው?» አለኝ። ኮሎኔል ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። በማግስቱ ሱቅ ስገባ ወንዶቹ ሁሉ ክፍለ ጦሩ የት እንደሰፈረ ይጠይቁኝ ጀመር። አንተም ብትኖር አብረሃቸው ነበር የምትስቀው።

ሞራ ሦስት ቀን አባረረችው፣ ጀርባውንም ነከሰችው። እሱ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ያመልጥና ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። በአራተኛው ጠዋት ባልዲ ይዤ ስወጣ ሞራ ፀሐዩ ላይ ተዘርራለች። የሞተች መሰለኝ። ቀረብ ስል ታንኮራፋለች። ስንት ወር ሙሉ ጋደም ስትል አላየኋትም ነበር። ኮሎኔል ራስጌዋ ቆሞ፣ ጆሮውን ወደ እኔ ቀስሮ፣ አትቅረቢ የሚል ይመስላል። ባልዲውን አስቀምጬ ቆሜ አየኋቸው።

ባለመኪናው በወሩ ሲመለስ ሞራ ወፍራለች። አትሸጥም አልኩት። እርስዎ አይደሉም እንዴ የጠሩኝ አለኝ።

«የጠራችህ ሴትዮ ደክሟት ነበር» አልኩት።

«አሁን ድካሙ ለቀቀዎት?»

«አሁንም ደክሞኛል። ግን አትሸጥም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ደህና ኖረች። ሆዷን የቆረጣት ድንገት ነው። ከግራሲዬላ ጋር እየተፈራረቅን ሆዷ እንዲለቃት ከጠዋት እስከ ቀትር ስናንሸራሽራት ቆየን፤ መድኃኒቱም አልያዘላትም። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አናሰቃያት አለች ግራሲዬላ። አንተን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። በመርፌ አሳረፈቻት። ኮሎኔልን አስገቢውና ይሰናበታት ስትለኝ አስገባሁት። አሸተታት፣ በሰኮናው ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት፣ ከዚያም አጠገቧ ሣሩን መጋጥ ጀመረ። አንሴልሞ በትራክተሩ ጉድጓዱን ቆፈረ። ያን ቀን አንድም ቀልድ አልወጣውም።

አሁን ደግሞ በተራው የሚያሽካካው እሱ ሆነ። ግራሲዬላ ሦስት ድንኮች ያሏት፣ እሱንም የምትወስድ አንዲት ሴት አገኘችለት። እሺ አልኩ። አስበው ኤባሪስቶ፣ ከዚያ በኋላ የማበላው፣ የማጠጣው፣ የምጠርግለት አንድም ፍጡር አይኖርም ነበር። ሴትየዋ ቅዳሜ ተጎታች ይዛ መጣች። ደግ ሴት ናት። ኮሎኔልም አላስቸገረም፣ ገመዱን ስስበው ዘው ብሎ ተጎታቹ ውስጥ ገባ። ገመዱን መልቀቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

እማማ እኔ ላይ ቀረች። ቤቱም እኔ ላይ ቀረ። ጉራቻው ከአባባ፣ ሞራ ከአንተ። አንዳቸውንም እፈልጋለሁ ብዬ አላውቅም፤ አልፈልግም ብዬም አላውቅም። ይሄን ድንክ ግን ራሴ ሄጄ፣ ራሴ አይቼ፣ ይሄኛውን ብዬ ነው ያመጣሁት። ስድሳ አንድ ዓመት ኖሬ የመረጥኩት እሱን ብቻ እንደሆነ ተጎታቹ በር ላይ ቆሜ ገባኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልሰጥም» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብቻውን እንዴት ይሆናል ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጓደኛ አመጣለታለሁ አልኳት። እኔ ጋ አንዲት አሮጊት ድንክ አለች፣ ሌሎቹ ከምግቡ እየገፉ አስቸገሯት፣ መጥተሽ እያት አለችኝ።

ስለ ሞራ ይቅር በለኝ፤ ለውሸቱም፣ ለባለመኪናውም። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። ድካሜም አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ወገቤን እየያዝኩ ነው። ሐሙስ ግን ቤት የለሁም። አሮጊቷን ላያት እሄዳለሁ።

እህትህ ኤልቪራ
አያኩቾ