ጋሽ አዱኛው የእማዬን ስም ጠራው

ዕፀገነት፣
የካርጎ ፈረቃ አለብኝ፣ ወጣሁ። ውኃ መጥቶ ነበር፤ በርሜሉን ሞልቼዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት የት ዋልሽ ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ፣ ሳሊተ ምሕረት ጋ ባለው የባህል አዳራሽ ጋሽ አዱኛው ማሲንቆ ሲጫወት ልሰማ ሄጄ ነው። "ከል ለብሳ ዘፈን ቤት!" ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።
ጎረቤታችን ሊሊን እንደዚያ ብለሻት ነበር።

እማዬን ከቀበርናት ወዲህ ምንም አይሰማኝም።
አንቺ ስታቅፊኝም ያው ነበር። ሳይገባሽ አይቀርም።

ጋሽ አዱኛው ከመድረክ ወርዶ በሰው መሃል ሲዞር ጥቁር ልብሴን አየና ቆመ።
"ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?"
"እናቴ።"
"ስሟስ?"
"ስመኝ።"
ሙሾ ሊያወርድ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን እማዬን እስክስታ የምትመታ ኮረዳ አደረጋት። "ስመኝን ለማን ዳሯት፣ እኔ ሳልሰማ?" እያለ ሲያዜም አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሞተች ወዲህ ስሟን ያለ ልቅሶ የጠራ ሰው አልነበረም። ሳቄ አመለጠኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ራበኝ፤ ምስር ወጥሽን የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ደንዝዣለሁ። ቢሆንም ማታ ጠብቂኝ፣ ስለ እሷ ላወራሽ እፈልጋለሁ።
ባታለቅሺ ደስ ይለኛል።

ቤዛዊት