በመስኮታችን ትይዩ ስለተሰቀለው ካሜራ

ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ
ቀን፦ ሚያዝያ 14

ጉዳዩ፦ የካሜራው አቅጣጫ እንዲስተካከልልኝና የእናቴ ምስል እንዲጠፋልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ከሱቆቹ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሱቆች በላይ በላዩ ሲሰበሩ፣ መንገዱ ላይ ካሜራ ይተከልልን ብለው ከፈረሙት ነዋሪዎች አንዷ ነኝ። ከተተከለ ወዲህ የተሰበረ ሱቅ የለም፤ ይህን አልክድም። ካውያዬን የወሰደው ሌባ እስካሁን ባይያዝም አመሰግናለሁ።

2. ካሜራው የተሰቀለው ከመስኮታችን ትይዩ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን ከዚያ ምሰሶ በቀር ምንም ስለሌለ መጋረጃ ኖሮን አያውቅም። እናቴ አልጋ ከያዘች ጀምሮ ገላዋን የማጥባት ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ በምትገባበት በዚያ መስኮት ሥር ነበር፤ ብርድ አትችልም። ካሜራው መንገዱን ብቻ የሚያይ መስሎን ልብም አላልነው።

3. አንድ ቀን ደከም ስላላት ሳላጥባት ዋልኩ። በማግስቱ ከጣቢያዎ አንድ ወጣት ፖሊስ በራችን ላይ አግኝቶኝ፣ «እትዬ፣ እማማ ትናንት አልታጠቡም፤ አሟቸው ነው እንዴ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። የያዝኩትን ባልዲ እንኳ ተቀብሎ አስገባልኝ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሰምታለች። እሱ ሲወጣ «ልጄ፣ መስኮቱ ላይ ጨርቅ ስቀዪ» አለችኝ።

4. ጣቢያው ቀርቤ ባመለክት፣ ጉዳዩን የተቀበሉኝ ሠራተኛ «እኛ ወንጀል እየተከላከልን ነው፤ እርስዎ መጋረጃዎን ይዝጉ» ብለው መለሱኝ። መስኮቱማ በጨርቅ ተዘግቷል። ክፍሏ ጨለመች፣ ቀዘቀዘች። እናቴ ከዚያ ወዲያ ልብሴን አላወልቅም አለች። እርጥብ ጨርቅ ከቀሚሷ ሥር እያስገባሁ ስጠርጋት ዓይኗ ከመጋረጃው አይነቀልም ነበር። ባለፈው ወር አርፋለች። ካሜራው ገደላት አልልም፤ አርጅታ ነበር። ነገር ግን ዕድሜ ልኳን ገበናዋን ሸፍና የኖረች ሴት በገዛ ቤቷ ተሸማቃ ሞተች። እኔም ለቅሶ እንኳ አልመጣልኝም። ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ።

5. ስለዚህ ካሜራው ከመስኮቱ ዞሮ ወደ መንገዱ እንዲያይልኝ፣ እናቴ የምትታይበት ምስልም በሙሉ እንዲጠፋልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እናቴ ፎቶ መነሳት ስለማትወድ እኔ ዘንድ አንድም ምስሏ የለም። መልኳ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው። ልየው አላልኩም። ይጥፋልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ልብስ ሰፊዋ፣ ከሱቆቹ በላይ
(ፊርማ)