የደረቀችው ጠብታ

ጥቅምት 4 ቀን 1984
ዛሬም አንሶላ ብቻ። የሐኪም ቤቱ ክምር አላልቅ ብሏል። ጠዋት እሳት ሳይለኮስ የእንፋሎቱን ቦይለር ሳይ ከታች ላሜራው ርሷል። ነጭ ጋዝ ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ጠመኔ ለቀለቅሁበት። ጋዙ ጠመኔው ላይ የጣት ያህል መስመር አወጣ... ስንጥቅ ነው።
ለአቶ ተወልደመድኅን ነገርኩት፤ ማጠቢያ ቤቱ የሱ ነው። "እስከ ቅዳሜ ይታገስ።" ግፊቱን ቀንሼ ከስንጥቁ የምትወርደውን ጠብታ ልጠብቅ። ከበዛች ስንጥቁ ረዝሟል ማለት ነው።

ጥቅምት 7
በዛች? እኔ እንጃ... የበዛች መሰለኝ። እሳት የምትጠብቀው ኣብርሄት ጠብታዋ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። በርጩማሽን ወደ በሩ ውሰጂ ብላት "ይበርደኛል"።
ሳይቃጠል በቅጠል፣ ቦይለሩ ይቁም አልኩት አቶ ተወልደመድኅንን።
"ኣይፋልን፣ አይሆንም። አንተማ ደሴ ልትገባ ነው። ዘግተህብን ልትሄድ?"
ባለቤቴ ኒዕማና ልጆቹ ቀድመውኝ ደሴ ከሄዱ ወዲህ የምናገረው ሁሉ የሚሄድ ሰው ወሬ ሆነ። አንገበገበኝ።

ጥቅምት 8
ጠብታዋ ደረቀች። አቶ ተወልደመድኅን ሳቀ፣ "ራሱ ዳነ።" እኔን ለምን ደስ አላለኝም?

ጥቅምት 9
ኣብርሄት ናት ለካ። "ሰላሃዲን ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ውሃው ውስጥ ተልባ ጨመርኩበት። አባቴ ጣልያኖቹ ጋ ሲሰራ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።"
ተልባው አፉን ዘጋው እንጂ ስንጥቁማ መንገዱን ይቀጥላል። ጠብታዋ ከሌለች አሁን በምን አውቃለሁ? ልቆጣት አልቻልኩም፣ ለኔው ብላ... ፈራሁ። እሳቱን አጠፋሁት።

ጥቅምት 10
መስመሩ ስንዝር ሆኗል። አቶ ተወልደመድኅን እየተቆጣ መጣ። "አሻጥር" አለ። መንግሥት በተለወጠበት በዚህ ዓመት፣ ለኔ ዓይነቱ የደሴ ሰው፣ አሻጥር...
"ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን በእጅ ፓምፕ እንግፋው" አልኩት። "ቢቀደድ ያርሳል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው እንፋሎቱ ነው። አጠገቤ ይቁሙ።"
ቆመ። መለኪያው ከወትሮው ግማሽ ሳይደርስ ላሜራው ተተረተረ። የሱ ሱሪ ራሰ፣ የኣብርሄት በርጩማ ራሰ። በርጩማውን ሲያይ ቆየ።
"እሳት ቢኖርስ?" አለ ቀስ ብሎ።


ኅዳር 2
አዲሱ ላሜራ ተበየደ፣ ተፈተነ፣ ያዘ። የኔ አውቶቡስ ነገ ነው።
ጠዋት ስገባ ቦይለሩ ቀዝቃዛ። ኣብርሄት ተንበርክካ ጠመኔ ትለቀልቃለች። አንድ ቡሎን ሥር እርጥበት አይታ አላቀጣጥልም ብላለች። አጣቢዎቹ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አቶ ተወልደመድኅን በሩ ላይ ቆሟል።
"ምን ተገኘ?" አልኩት።
"እኔን አትጠይቀኝ፤ እሷ ገና አልጨረሰችም።"
እጄ ሊያግዛት ቋመጠ፤ ከለከልኩት። አብረን ቆመን ጠበቅናት።